«ያስለቅሳል» ብሎ ላለማቆም፦ በአዋሽ እና በሰመራ ልብ ወለድ ለሚያነቡ መመሪያ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጨርሶ ያስቀመጠ ሰው «እንዴት ነው?» ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፦ «ያስለቅሳል»። ከ500 ገጽ በላይ ያለው፣ ስንት ሌሊት የተፈጀበት መጽሐፍ በአንድ ቃል ያልቃል። ስሜት ጎድሎ አይደለም። አንባቢው ያለቀሰው ለባለታሪኳ ለሰብለ ወንጌል ይሁን ለገዛ እህቱ፣ የተናደደው በአባቷ በፊታውራሪ መሸሻ ይሁን በአጎቱ፣ ለይቶ አያውቀውም። የተደባለቀውን ነጣጥሎ ወረቀት ላይ ማስፈር ግን ይቻላል፤ የሥነ ጽሑፍ ትምህርትም አይጠይቅም። ይህ መመሪያ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ሰመራና በመካከላቸው ባሉ ከተሞች ለሚኖሩ፣ ለሚማሩና ለሚሠሩ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው። ዘዴውም ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ የዚያው አገር ነው።

ዳጉ ይባላል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ነሥተው ብቻ አይተላለፉም፤ አረፍ ብለው ወሬ ይቀባበላሉ። ዝናብ የት ጣለ? ግጦሹ እንዴት ነው? ከብቱን በሽታ የነካው የት ነው? ማን ሞተ፣ ማን ተጋባ፣ ምን እንግዳ ሰው ታየ? ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ለይቶ ያወራል፤ ሰሚውም «አንተ ነበርክ? ከማን ሰማኸው?» እያለ ያጣራል። የተቀበለውን ወሬ ለሚቀጥለው መንገደኛ ማድረስ ደግሞ ግዴታው ነው። ሐሰት ያቀበለ ሰው ስሙ ይጎድፋል። ሞባይል ከገባ ወዲህም ልማዱ አልጠፋም፤ በስልክም ቀጥሏል።

ልብ ወለድ አንብቦ ስለ ቤትና ስለ ኑሮ ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። መጽሐፉ ውስጥ በእርግጥ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ከእናት፣ ከአባት፣ ከጎረቤት የተሰማው ሌላ ነው፤ አንባቢው ልብ ውስጥ የተነሣው ደግሞ ሦስተኛ። ሦስቱ ሲደባለቁ «ያስለቅሳል» ይመጣል። ሲለያዩ ግን ለሌላ ሰው የሚነገር ነገር ይገኛል።

ስለዚህ ባለ መስመር ደብተር ይግዙና እያንዳንዱን ገጽ በሁለት መስመር ከላይ ወደ ታች ከፍለው ሦስት ዓምድ ያውጡለት። በመጀመሪያው አናት ላይ «መጽሐፉ ያለው»፣ በሁለተኛው «ከሰው የሰማሁት»፣ በሦስተኛው «የተሰማኝ» ብለው ይጻፉ። ሦስተኛው ዓምድ ቶሎ እንደሚሞላ ከወዲሁ ይወቁ፤ የመጀመሪያው ባዶ ከሆነ ገና አላነበቡም ማለት ነው። ወረቀት የለኝም የሚል ሰው ነቢይ መኮንንን ያስታውስ። ገጣሚው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ግዙፍ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሰው የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው፤ ትርጉሙ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ሰመራ ላይ ደብተር በየሱቁ አለ።

መጽሐፉን መምረጥ

መጽሐፍ ታዋቂ ስለሆነ ብቻ አይምረጡ። እቤትዎ ያለውን ቋጠሮ የሚነካ ይፈልጉ። ቤቱን የያዘው የጋብቻ ጉዳይ ከሆነ በ1958 ዓ.ም የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ። ቋጠሮው የሥራ ከሆነ፣ ማለትም በክልል ቢሮ ተቀጥሮ ደመወዙን ለቤተሰብ የሚልክ፣ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ያደረ ሰው ከሆኑ፣ የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» ይያዙ። በ1962 ዓ.ም የታተመው ይህ ልብ ወለድ አበራ ወርቁ የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ ሰዓሊ ለመሆን ሲመኝ ከታላቅ ወንድሙ ከአባተ ጋር የሚገባበትን ፍጥጫ ያሳያል። ታላቅ ወንድሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያሳስበው የወንድሙ ወግና ማዕረግ ነው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፦ የሚያስጨንቀን ሰው የሚወደን ሲሆን።

አባት ታሞ ወይም አርጅቶ ልጆች የተሰበሰቡበት ቤት ላለው፣ እንግሊዝኛ ካላስቸገረው፣ ዳኛቸው ወርቁ በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «አሥራ ሦስተኛው ፀሐይ» አለ። ፊታውራሪ ወልዱ ታመው ወደ ዝቋላ ይወሰዳሉ፤ ልጃቸው ጎይቶምና ከሌላ እናት የተወለደችው ወይኒቱ አብረዋቸው ናቸው። መንገዱ አጭር ነው፤ በአባትና በልጅ መካከል ያለው ርቀት ግን አያልቅም። ቤተሰቡ በስደት ወይም በሥራ የተበተነበት አንባቢ ወደ መጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ቢመለስ አይጸጸትም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም ሮም ያሳተመውና ብዙዎች «ጦቢያ» የሚሉት ታሪክ በጦርነት ስለተለያየ ቤተሰብና ስለ ፍለጋ ነው። አማርኛው መጀመሪያ ያስቸግራል፤ ጥቂት ገጽ ከታገሡት ይለመዳል።

«ኦሮማይ»ን በጥንቃቄ ይያዙ። በ1975 ዓ.ም ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበው፣ ደራሲው በዓሉ ግርማም በ1976 ዓ.ም የካቲት ወጥቶ የቀረበት ይህ መጽሐፍ ጦርነትንና ፍቅርን አንድ ላይ ያጣምራል። በቅርብ ዓመታት በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የአፋር ክልል ራሱ የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር። ሰው ለሞተበት ጓደኛ መጽሐፉን ሳያስጠነቅቁ «ጥሩ ነው፣ አንብበው» ብሎ መስጠት ደግ አይደለም። ስለ ምን እንደሆነ አስቀድመው ይንገሩት፤ ይምረጥ።

የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን የመሰለ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድስ? ለመንገድ ግሩም ነው። ለዚህ ሥራ ግን እምብዛም አይመችም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ስለሚያጓጓ አንባቢው ቆም ብሎ ቤቱን ለማሰብ ፋታ አያገኝም።

መጽሐፍ መሸጫ እንደ አዲስ አበባ በየጥጉ ስለማይገኝ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ማዘዝ የተለመደ ነው። እዚያ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ አሉ። መልእክተኛዎን አንድ ነገር አደራ ይበሉት፦ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የመጽሐፉን መካከልና መጨረሻ ገልጦ ይይ። በአሮጌ መጻሕፍት ላይ ገጽ መጉደል አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ሰመራ ወደ 590 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለመቀየር ተብሎ አይመለሱበትም።

ሰዓትና ቦታ

አዋሽ ሰባት ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሰመራ ከዚያም በእጅጉ ዝቅ ይላል፣ በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት የሚነበብ ነገር አይጨበጥም፤ ዓይን መስመር ላይ ይንሸራተታል እንጂ አያነብም። ማለዳ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ማታ ደግሞ ነፋስ ሲመጣ። በረመዳን ከተራዊህ በኋላ ያለው ሌሊት ለብዙ ሰው ረጅም የንባብ ጊዜ ነው። መጽሐፉን መኪና ውስጥ መስታወት ሥር አይተዉት፣ የጀርባው ሙጫ ይለቅና ገጹ ይበተናል። አቧራው ስለሚበረታ በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥም ይበጃል። መብራት የሚጠፋበት ሌሊት ስላለ የስልክዎን ባትሪ ለፌስቡክ አይጨርሱት።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው

ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» እንነሣ። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ አንድ ልጃቸውን በዛብህን ለቤተ ክርስቲያን በስለት ይሰጣሉ። ልጁ አድጎ ሊቅ ይሆናል፣ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይቀጠራል፣ ይዋደዳሉ። ስለቱ እሱን አስሮታል፤ የአባቷ የዘር ቆጠራ ደግሞ እሷን። ፊታውራሪ የሚመጥን አጥንት እያጡ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ የልጃቸው የማግቢያ ዕድሜ ያልፋል።

እንግዲህ በመጀመሪያው ዓምድ ይህን ብቻ ይጻፉ፦ ማን፣ ምን አደረገ፣ በየትኛው ገጽ። ፍርድ አይጨምሩ። «ፊታውራሪ ጨካኝ ናቸው» የሚለው ዓረፍተ ነገር የዚህ ዓምድ አይደለም፤ «ሽማግሌ መለሱ» የሚለው ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ወላጆቹን ልጅ የሚጠሉ አድርገው አልሣሏቸውም፤ ቦጋለና ውድነሽ ስለት የገቡት ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው። አንባቢው ፍርዱን ቀድሞ ከጻፈ ይህ ያመልጠዋል፤ መጽሐፉም ክፉ ወላጆች ደግ ልጆችን ስላሠቃዩበት ዘመን ብቻ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ዓምድ ውስጥ ከቤት የተሰማው ይገባል። ከጎጃም ወይም ከጎንደር ተመድቦ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ አያቱ ስለ ስለት ያወሩትን፣ «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው አይገባም» ሲባል የሰማውን ያስታውስ ይሆናል። ከሎጊያ ወይም ከዱብቲ የመጣች የክፍሉ ተማሪ ደግሞ ሌላ ነገር ታነሣለች፦ አብሱማ። በአፋር ልማድ የአክስትና የአጎት ልጆች መጋባት የሚፈለግ፣ ለወንዱም እንደ መብት የሚታይ ነው፤ ልጅቱ ሳትጠየቅ የተወሰነበት ጊዜም ብዙ ነው፤ ዛሬ ግን እዚያው ክልል ውስጥ የሚጠይቁት አሉ።

ሁለቱ ተማሪዎች አንድ ዶርም ደጃፍ ላይ ስለ ሰብለ ቢያወሩ ቶሎ «አንድ ነው» ሊሉ ይችላሉ። አንድ አይደለም። የፊታውራሪ ቤት በር የሚዘጋው ዝቅ ብሎ የታየ እንዳይገባ ነው፤ አብሱማ ደግሞ ዘመድን ከዘመድ ያስተሣሥራል፣ ሀብቱንም ኃላፊነቱንም በዘመዳሞች መካከል ያቆያል። የመጀመሪያው ሰብለን ያለ ባል ያስቀራታል፤ ሁለተኛው ልጅቱን ገና ሕፃን ሳለች ባል ያዘጋጅላታል። የሚገናኙት ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ በሁለቱም የልጅቱ ቃል መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ወይም ጭራሹን አይመጣም። ይህ ልዩነትና ይህ መገናኛ የታየው ሁለተኛው ዓምድ ከመጀመሪያው ስለተለየ ነው። በአንድ ቢጻፉ ኖሮ አፋሪቱ ልጅ ጎጃሜ፣ ጎጃሜውም አፋር ሆኖ ይቀር ነበር።

ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ የፈለጉትን ይጻፉ። ንዴትም፣ ናፍቆትም፣ ቅናትም። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ቀን ያስፍሩበት። ስሜት ቀን አለው። በ2017 ዓ.ም ከመስከረም ጀምሮ እስከ ጥር አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሰው ቤቱን ትቶ ሜዳ ላይ አድሯል፣ ብዙም ተፈናቅሏል። በእነዚያ ሌሊቶች የተነበበ የቤት ታሪክና በደህና ጊዜ የተነበበ አንድ አይሆንም። ከዓመት በኋላ ደብተሩን ሲገልጡ «ምን ነክቶኝ ነው እንዲህ የጻፍኩት?» ብለው ከሚገረሙ ቀኑ ይመልስልዎታል።

ቤተሰብን መጠየቅ

ሁለተኛው ዓምድ የሳሳ ከሆነ ወደ ቤት መደወል ወይም መሄድ ግድ ነው። እዚህ ላይ አነጋገሩ ይወስናል። «አባዬ፣ ለምን አክስቴን በግድ ዳራችኋት?» ብሎ የጀመረ ልጅ መልስ አያገኝም፤ ስልኩ ይዘጋበታል፣ ካልተዘጋም ወሬው ወደ ዝናብና ወደ ጤፍ ዋጋ ይሄዳል። በመጽሐፉ በኩል ይግቡ። «አንድ መጽሐፍ እያነበብኩ ነው፤ አንድ ፊታውራሪ ልጃቸውን ለማንም አልሰጥም ብለው አስቀሯት። እርስዎ በዚያን ዘመን ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ይህ ጥያቄ ማንንም አይከስስም። ሽማግሌዎች ስለ ልብ ወለድ ሰው ሲፈርዱ የራሳቸውን ነገር ማውጣታቸው አይቀርም፤ ግማሹ መልስ ስለ ፊታውራሪ ይሆናል፣ ግማሹ ስለ ታላቅ እህታቸው።

ሲናገሩ አያቋርጡ። «ያዩት ነው ወይስ የነገሩዎት?» የሚለውን ጥያቄ ግን አይርሱ፤ የዳጉ አጣሪ ጥያቄ ነው፣ በአክብሮት ሲጠየቅ ቅር የሚሰኝ የለም። ያዩት ከሆነ ከጎኑ «አይተዋል»፣ የሰሙት ከሆነ «ሰምተዋል» ብለው ይጻፉ። ከቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ምን ያህሉ በዓይን ያልታየ እንደሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። «አያትህ ኩሩ ስለነበሩ ነው» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ አያትን ጨርሶ ካላወቀ ሰው የመጣ ሆኖ ይገኛል።

እናትዎ አፋርኛ ብቻ የሚናገሩ ከሆነ፣ ወይም አማርኛ ማንበብ ካልቻሉ፣ መጽሐፉን ምዕራፍ በምዕራፍ ቤት ውስጥ በቃል ይንገሯቸው። ለዚህ ለማዳመጥ የሠለጠነ ሕዝብ አለ ከተባለ አፋር ነው። ታሪኩን በአፋርኛ ሲመልሱ ስም አይቀይሩ፣ በዛብህ በዛብህ ይሁን፤ ስለት ምን እንደሆነ፣ ፊታውራሪ ምን ማዕረግ እንደሆነ ግን ቆም ብለው ያስረዱ። እናትዎ የሚጠይቁት ጥያቄ ከየትኛውም የክፍል ውይይት ይልቃል። «ታዲያ የልጁ እናት ምን አለች?» ይላሉ፤ እርስዎም ወደ መጽሐፉ ተመልሰው ይፈልጋሉ።

ለሾፌሮች፣ ለማያነቡትም

አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚመላለሰው በጅቡቲ መንገድ ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎጊያ አድርጎ ሰመራን የሚያልፈው የከባድ መኪና ሾፌርና ረዳቱ መጽሐፍ ገልጠው ሊያነቡ አይችሉም፤ ማዳመጥ ግን ይችላሉ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዛሬም በስልክ ይገኛል፤ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ስንቱ ሰው ከባለታሪኮቹ አንዱን፣ ጉዱ ካሳን፣ የሚያውቀው በወጋየሁ ድምፅ ነው። የሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ትረካም የብዙ ሰው የመንገድ ጓደኛ ሆኗል። ከመነሣትዎ በፊት ኔትወርክ ባለበት ስልክዎ ላይ ይጫኑት፤ መንገዱ ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል።

አድማጭ ደብተር መያዝ ስለማይችል ማረፊያ ላይ ሲቆም በስልኩ ድምፁን ይቅረጽ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል፦ ምን ሰማሁ፣ ምን አስታወሰኝ። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቅ፤ ተራኪው ድምፁን ለውጦ ሲያለቅስ ወይም ሲቆጣ ያ የተዋናዩ ሥራ ነው። በመጽሐፉ የተጻፈውን ከተራኪው ስሜት ለመለየት ልብ የነካውን ክፍል ብቻ በኋላ አንድ ጊዜ በዓይን ማየት ያስፈልጋል። በቴሌቪዥን ድራማ ያየም እንዲሁ ያድርግ፤ የሰብለ መልክ የተዋናይቱ መልክ ሆኖ ከቀረ ልብ ወለዱ የሰጠውን ነፃነት አጥቷል።

የማን ዓይን ነው?

ስለራስዎ አገር የተጻፈ ሲያጋጥምዎ ሦስቱ ዓምዶች ይበልጥ ይጠቅማሉ። ተጓዡ ኤል. ኤም. ኔስቢት በ1928 እ.ኤ.አ. ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ የአፋርን ምድር ወደ ሰሜን አቋረጠ፤ መጽሐፉ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ርዕሱ አገሩን የፍጥረት ሁሉ የገሃነም ጉድጓድ አድርጎ የሚጠራ ነበር። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ደግሞ ከ1933 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. አዋሽን ተከትሎ ወንዙ ባሕር ሳይደርስ የሚያልቅበትን አቤ ሐይቅን አይቷል። የሁለቱ ተጓዦች መጻሕፍት መጀመሪያ ዓምድ ሀብታም ነው፦ የውኃ ጉድጓድ፣ የቀን ጉዞ፣ የግመል ብዛት። ሁለተኛው ዓምዳቸው ግን ከደጋ ሰው በተሰማ ፍርሃት የተሞላ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ የራሳቸው የጀግንነት ስሜት። ገሃነም ያሉት ቦታ ላይ እናቶች ልጅ ያሳድጉ ነበር። የአፋር አንባቢ እነዚህን ሲያነብ ቢናደድ ተገቢ ነው፤ ንዴቱን በሦስተኛው ዓምድ ይጻፍና ከአያቱ ስለዚያ ዘመን የሰማውን በሁለተኛው ያስፍር። ልብ ወለድም ከዚህ አይለይም፤ የደጋ ደራሲ ቆላን ሲጽፍ ያየውን ነው የጻፈው ወይስ የሰማውን የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ መነሣት አለበት።

ገጹን መጻፍ

ደብተሩ ሲሞላ ጽሑፉ ገና አልተጻፈም። መጽሐፉን ከጨረሱ በኋላ ጥቂት ቀን ይተዉት፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ዓምድ አንድ ትንሽ ድርጊት ይምረጡ። ትንሽ ይሁን። «የፊውዳል ሥርዓት ጭቆና» አይነሣ፤ በሱ ላይ በቂ ተጽፏል። አበራ ወርቁ ከወንድሙ ጋር የተነጋገረበት አንድ ገጽ ይበቃል። ከሁለተኛው ዓምድ ከዚያ ድርጊት ጋር የሚገጥም ወይም የሚቃረን አንድ የቤት ነገር ይጨምሩ። የሚቃረነው ይመረጣል፤ የሚገጥመው «ልክ እንደኛ ቤት» ከማለት አያልፍም። ሦስተኛው ዓምድ መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ከሦስቱም ያጠረ ይሁን።

ርዝመቱ ከሁለት የደብተር ገጽ አይብለጥ። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተርኩ፤ ያነበበው ያውቀዋል፣ ያላነበበውንም ይነፍጉታል። «ደራሲው ሊያስተላልፍ የፈለገው መልእክት» የሚለውን ሐረግ ከትምህርት ቤት ጋር ይተዉት። ሐዲስ ዓለማየሁ መልእክት ብቻ ማስተላለፍ ቢፈልጉ ኖሮ አምባሳደር ነበሩ፣ ደብዳቤ መጻፍ ያውቁበታል።

ስለ ቤተሰብ ሲጽፉ ስም መቀየር ብቻ አይበቃም። በአዋሽ ሰባት «የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ የነበረ ሰው ልጅ የሆነች አንዲት ሴት» ሲባል ሰፈሩ ማን እንደሆነች ወዲያው ያውቃል። ሥራውንም፣ ሰፈሩንም፣ የልጆቹን ብዛትም ይቀይሩ፤ ወይም ድርጊቱን ብቻ አስቀርተው ሰውየውን ያውጡት። በሕይወት ያለ ሰው ምሥጢር ከሆነ ለባለቤቱ ያንብቡለትና ፈቃዱን ይጠይቁ። እምቢ ካለ ገጹ ደብተር ውስጥ ይቅር። ፌስቡክ ላይ ወጥቶ የተሰረዘ ነገር አልተሰረዘም፤ አንዱ ፎቶ አንሥቶታል።

ማቀበል

የተጻፈው ለሌላ ሰው ይነበብ። ትልቅ ስብሰባ አያስፈልግም፤ ሦስት ሰው፣ አንድ ጀበና ቡና፣ ማታ ነፋስ ሲመጣ። አንዱ ያንብብ፣ ሌሎቹ የዳጉን ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ይሄ መጽሐፉ ላይ አለ? ገጹ የት ነው? ይሄን ከማን ሰማሽ?» ብዙ የማንበብ ክበቦች የሚፈርሱት ሁሉም «ግሩም ነው» ብሎ ስለሚለያይ ነው። ጥያቄ ያላነሣ ሰው ለሚቀጥለው ጊዜ አንባቢ ይሁን፤ ቅጣትም ነው፣ መማሪያም።

አንድ ቅጂ ለብዙ ሰው በሚዞርበት ከተማ መጽሐፉ ላይ በእስክሪብቶ አይጻፉ፤ በእርሳስ ግን ይቻላል፣ እንዲያውም ጥሩ ነው። እያንዳንዱ አንባቢ በገጹ ጠርዝ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል አድርጎ ምልክት ያኑር። አራተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ሦስቱ የት የት ላይ እንደቆሙ ይታያል፤ አንዱ የሰብለ እናት ስትናገር፣ ሌላው ጉዱ ካሳ ሲሳደብ። የተዋሱበትን ቀንና የመመለሻውን ቀን ከኋላ ሽፋን ውስጥ ይጻፉ። ተማሪ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ መጽሐፍ ይዞ መሄዱ የተለመደ ስለሆነ ፈተና ከማለቁ ሳምንት በፊት ዙሪያውን ማሰባሰብ አይርሱ፤ በሚቀጥለው መጽሐፍ ላይም ያን ጊዜ ይስማሙ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሰው ርዕሱን ጽፎ እንዲይዝ።